አሥራ አራት ኃላፊዎችና አንድ ተጫዋች

የክሪኬት ክለባችን የጉዞ ሰነድ በወፍራም ወረቀት ታትሞ፣ በሦስት ፊርማና በአንድ ክብ ማኅተም የጸና ነው። በውስጡ የነበረችው ስሕተት በጣም ትንሽ ስለነበረች፣ ከአትላንታ ተነስተን ባሕሩ ላይ እስክንደርስ ድረስ ማንም ልብ አላላትም። ያየኋት እኔ ነኝ። አውሮፕላን ላይ እንቅልፍ የሚባል አይወስደኝም፤ የአደጋ መመሪያውን ካርድ ሦስት ጊዜ አንብቤ ስጨርስ፣ ከሰነዱ በቀር የሚነበብ ነገር አልቀረልኝም።

በሰነዱ መሠረት ወደ ባርቤዶስ የምንጓዘው ሃያ አምስት ነን። ሊቀ መንበር፣ ሁለት ምክትሎች፣ ጸሐፊ፣ የጸሐፊ ረዳት፣ የሕዝብ ግንኙነት፣ የባነር አስተባባሪ እያለ ይቀጥልና አሥራ አራት ኃላፊ ይሞላል። ከዚያ እኔን ጨምሮ ዘጠኝ ሚስቶች፣ ቀጥሎ ልጄ ሐምራዊት። በመጨረሻም «ተጫዋች» በሚለው ርዕስ ሥር አንድ ስም ብቻ አለ፤ ዘገየ። ባለቤቴ።

በክርኔ ጎሸም አደረግኩት።

«ዘገየ፣ ክሪኬት በስንት ሰው ነው የምትጫወቱት?»

«በአሥራ አንድ።»

«እነሱ ወይስ እኛም?»

«እኛም እንጂ! ምነው?»

ወረቀቱን ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው። «ስለሺ ሲጽፍ ተሳስቶ ይሆናል» አለ። ስለሺ የክለቡ ጸሐፊ ነው፤ በሥራው ተሳስቶ አያውቅም።

ዘገየ አትላንታ አጠገብ ኖርክሮስ በሚገኝ መጋዘን ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዳል። ይህን ጨዋታ በምሳ ሰዓት ያስተማረው ህንዳዊው አለቃው ነው። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ታከር ያለው ቤታችን የጋራዥ በር በኳስ ተጠቅጥቆ አልቋል። ጉልበቱ ግን ከበሩ ቀድሞ አለቀ። በመስከረም ኦፕራሲዮን ይደረጋል፤ ከዚያ በኋላ መሮጥ የለም ብለውታል። ስለዚህ ባርቤዶስ ላይ ዓርብና ቅዳሜ የሚያደርጋቸው ሁለት ግጥሚያዎች በዕድሜው የመጀመሪያዎቹም የመጨረሻዎቹም ነበሩ። እኔ በበኩሌ ሁለቱንም ቀን ዝናብ እንዲጥል እጸልይ ነበር። ኳሷ እንደ ድንጋይ ናት። ለማንኛውም ብዬ ፋሻ፣ የቁስል ቅባት፣ የሁላችንንም የደም ዓይነት የያዘ ወረቀት፣ የሆቴል በር ከውስጥ የሚያጠብቅ የጎማ ሽብልቅም ሳይቀር ይዤያለሁ።

ክለባችን እጅግ የተደራጀ ነው። ስኮትዴል በተከራየነው አዳራሽ አምስት ወር የፈጀ ምርጫ አካሂዶ፣ ለሥልጣን የማይበቃ አባል እንደሌለው አረጋግጧል። ዘገየ ያልተመረጠው በምርጫው ዕለት ልምምድ ላይ ስለነበር ነው።

ሆቴሉ እንደደረስን አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ሊቀ መንበራችን አቶ ገብረእግዚአብሔር ከረባታቸውን አስተካክለው ተነሱ።

«የተከበራችሁ ልዑካን፣ ያጋጠመን የተጫዋች እጥረት አይደለም። የአመራር ብዛት ነው። ይህ ደግሞ የዕድገት ምልክት ነው።»

ተጨበጨበ።

«ላይክ፣ ፎርቲን ሰው እኮ ናችሁ» አለች ሐምራዊት። «ጀስት ፕሌይ አድርጉ!»

«ልጄ፣ አንቀጽ ዘጠኝ አለ» አሉ ሊቀ መንበሩ። «አንድ አባል ሁለት ኃላፊነት ደርቦ አይዝም።»

«ማነው ያወጣው?»

«እኛ ነን።»

የጋበዙን የባርቤዶስ ክለብ ሰዎች አሥር ልጆች እናውሳችሁ ብለው ነበር፤ የልዑካኑን ክብር ይነካል ተብሎ በሙሉ ድምፅ ውድቅ ሆነ። ያን ጊዜ የሊቀ መንበሩ ባለቤት ውቢት ከኋላ እጇን አወጣች።

«ሚስትነት ኃላፊነት ነው ወይስ አይደለም?»

ስለሺ ደንቡን ከዳር እስከ ዳር ገለጠ። «ኃላፊነት ተብሎ አልተመዘገበም።»

በሃያ ሰባት ዓመት ትዳሬ ይህን ስጠረጥር ኖሬያለሁ፤ በቃለ ጉባኤ ሲጸድቅ ግን የመጀመሪያዬ ነው። በዚህ ሁኔታ ዘጠኝ ሚስቶችና አንዲት ልጅ ተጨምረውበት ቡድኑ ሞላ።

ዓርብ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ይጀመራል የተባለው ግጥሚያ በስምንት ሰዓት ተኩል ተጀመረ። በመካከሉ አሥራ አራቱም ኃላፊዎች ተዋወቁ፣ እያንዳንዳቸውም አጭር ንግግር አደረጉ። ጋባዦቻችን ጨዋዎች ናቸው፤ ቆመው አጨበጨቡ። ዝናቡም አልመጣም። አቶ ገብረእግዚአብሔር «ወጣት ስፖርተኞቻችን!» ሲሉ ውቢት ዊጓን አውልቃ ሄልሜት እያጠለቀች ነበር።

የመምቻው ተራ ሲደርሰን ዘገየ በአንዱ ጫፍ ቆመ። በሌላው ጫፍ እኔ ቆምኩ፤ ከወደቀ የሚያነሳው ማን ሊሆን ነው ብዬ። አንዱ ሲመታ ሁለቱም ሮጠው ቦታ መቀያየር አለባቸው። ዘገየ መታ።

«ሩጪ!»

«ጉልበትህስ?»

«ደጊቱ፣ ሩጪ አልኩሽ!»

«ቀስ እያልን እንሂድ፣ ማንም አላባረረን!»

እየተጨቃጨቅን ደረስን። ቀጣዩን ኳስ እንዴት እንደመታው አላውቅም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ስገልጥ ኳሷ ሽቅብ ወጥታ ኃላፊዎቹ ከተቀመጡበት ድንኳን በላይ ትበራለች፤ አሥራ አራቱም በማዕረግ ቅደም ተከተላቸው ያጎነብሳሉ። ዘገየ እየሳቀ ነበር። ሐምራዊት የተወለደች ቀን እንኳ እንዲህ አልሳቀም፤ ለነገሩ ያን ቀን ፈረቃ ነበረበት።

ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ለአርባ አንድ ተሸነፍን። ከአርባ አንዱ ሠላሳ ስድስቱ የዘገየ ነው።

አመሻሹ ላይ ዘገየ ጉልበቱ ላይ በረዶ አድርጎ፣ የኳስ መምቻ ዱላውን ከትራሱ አጠገብ አጋድሞ፣ «ነገ ደግሞ...» እያለ ሸለብ አደረገው። በሩ ተንኳኳ። አቶ ገብረእግዚአብሔርና ስለሺ ናቸው፤ መዝገብ ይዘዋል።

«እህት ደጊቱ፣ ኮሚቴው የዛሬውን ድል ገምግሞ...»

«ተሸንፈናል እኮ፣ ጋሼ።»

«በቃለ ጉባኤው ላይ አልሰፈረም» አለ ስለሺ።

«...ገምግሞ፣ ባለቤትሽን የተጫዋቾች ጉዳይ ዋና ኃላፊ አድርጎ መርጦታል። አንዲት ፊርማ ብቻ ናት። ከረባቱንም ይዘንለት መጥተናል።»

«ነገስ?»

«ነገማ ከእኛ ጋር ጥላ ሥር ይቀመጣል። አንቀጽ ዘጠኝን ታውቂዋለሽ።»

ጥላ ሥር፣ ወንበር ላይ፣ ኳስ በማይደርስበት። ከአትላንታ ጀምሮ ስጸልይ የነበረው ይህንኑ ነው፤ መልሱ ማኅተም ተመቶበት መጣልኝ።

«ማነው?» አለ ዘገየ ከውስጥ፣ በእንቅልፍ ድምፅ።

«በር ተሳስተው ነው፤ አንተ ተኛ» አልኩት።

ጋሼ ገብረእግዚአብሔርን እጅ ነስቼ በሩን ገፋሁት። ሽብልቁን ከሥር ሰካሁ፣ ሰንሰለቱን አጠለቅኩ። ከውጭ ስለሺ «ተቃውሞ ብዬ ልመዝግበው ወይስ ድምፀ ተአቅቦ?» ሲል ተሰማኝ።

ቁልፉን ሁለቴ አዞርኩት።