የበቆሎው አባት

(አሶሳ ሰፈራ ጣቢያ፣ መስከረም 1979 ዓ.ም.። የመንደሩ የሰብል ኃላፊ ሀብቱ የአሥራ አምስት ቀን ኮርስ ወስዶ ከመጣ ወዲህ “ጓድ” ካላሉት አይሰማም። የሻው ከወሎ አብሮት የመጣ ሰፋሪ ነው፤ ነገር ቶሎ አይገባውም ይባላል፤ እሱም ተከራክሮ አያውቅም። ሁለቱ በማኅበሩ የበቆሎ ማሳ መሀል አንዲት እሸት ይዘው ይጓተታሉ።)

ሀብቱ፦ ልቀቃት! ነገ ጎብኚ ይመጣል፤ አንድም እሸት አይነካም!

የሻው፦ ልበላት አይደለም ሀብቱ። ፍሬ ይዛ እንደሁ ልያት ብዬ ነው።

ሀብቱ፦ ጓድ ሀብቱ!

የሻው፦ ጓድ ሀብቱ። ከዚህ አዝመራ በኋላ የእርዳታው ስንዴ ይቆማል ብለኸናል። ይህ በቆሎ ባዶ ከሆነ ልጆቼን ምን አበላቸዋለሁ? እንቅልፍ እኮ አጣሁ።

ሀብቱ፦ ለምን ባዶ ይሆናል?

የሻው፦ ዘሩ የመጣው በሁለት ጆንያ ነው። አንዱ ላይ “እናት”፣ አንዱ ላይ “አባት” ተብሎ ተጽፏል። ስድስት መስመር እናት፣ ሁለት መስመር አባት እያልን ዘራን። ጉልበታችን ላይ ሲደርሱ አባቶቹን አስነቅለህ ለበሬ አበላሃቸው!

ሀብቱ፦ በሳይንስ ነዋ! ስማ። በበቆሎ ገላ ውስጥ ዓይን የማያያቸው ጓዳዎች አሉ። ማይቶኮንድሪያ ይባላሉ። ጉልበት የሚሠራው እዚያ ነው።

የሻው፦ ጓዳማ መቼ ሥራ ያጣል? ሚስቴን አሰለፈችን ጠይቃት።

ሀብቱ፦ ጓዳው ውስጥ ደግሞ ፕላስሚድ የሚባል ደቃቅ የዘር ቁራጭ አለ። ልጅ ይህን የሚወርሰው ከእናቱ ብቻ ነው። ከአባቱ ቅንጣት አይደርሰውም!

የሻው፦ ምነው፣ ተጣልተው ነው?

ሀብቱ፦ እነማን?

የሻው፦ አባትና ልጅ።

ሀብቱ፦ (ግንባሩን እየመታ) የተፈጥሮ ሕግ ነው! ታዲያ ምንም የማያወርስ አባት ቦታ ከማጣበብ በቀር ምን ይሠራል?

የሻው፦ ጓዳውን ከእናቱ ወረሰ እንበል። የቀረው ቤትስ የማን ነው?

ሀብቱ፦ የቀረ ቤት የለም!

የሻው፦ አስተማሪው እንዲህ አለ?

ሀብቱ፦ አስተማሪው ጓዳው ላይ ሲደርስ ምሳ ሆነ። ከምሳ በኋላ... ሙቀት ነበር፤ ትንሽ ሸለብ አደረገኝ።

የሻው፦ የእናቶቹ አበባ እኮ ብናኝ አልነበረውም። ባርኔጣዬን ከሥር ይዤ ባራግፈው ባራግፈው ጠብ የሚል ነገር የለም።

ሀብቱ፦ እሱም ያው ከጓዳው የመጣ የእናት ውርስ ነው። ብናኝ አትሥሪ ይላታል።

የሻው፦ ብናኝ ከሌላት ታዲያ በምን ታረግዛለች?

ሀብቱ፦ በ... በማዳበሪያ!

(ሀብቱ በንዴት እሸቷን ገሸለጣት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ፍሬ ሞልቷታል። የሻው አፈሩ ላይ ቁጭ አለ።)

የሻው፦ ተመስገን! ኧረ ተመስገን!

ሀብቱ፦ ሳይንስን አመስግን! (ሌላ ገለጠ፤ ሙሉ ነው።) ያለ አባት! ነገ ለጎብኚዎቹ እነግራቸዋለሁ፤ በየመንደሩ ያለ አባት ሁሉ ይነቀል!

የሻው፦ ኧረ እኔም የአራት ልጆች አባት ነኝ፣ ጓድ!

ሀብቱ፦ የበቆሎውን ነው! (ደስታው አላስቆም ብሎት ወደ ማሳው ጥግ ሮጠና አንዱን ገለጠ። ባዶ ቆረቆንዳ። ሌላውን ገለጠ። ባዶ።) የሻው! ይሄ ጥግ ምን ነካው?

የሻው፦ እሱ ጋ ስደርስ ዝናብ ያዘኝ።

ሀብቱ፦ ምን ስትሠራ?

የሻው፦ አሰለፈች ከወሎ በመቀነቷ ቋጥራ ያመጣችው በቆሎ ጓሯችን አለ። ጠዋት ጠዋት የሱን አበባ እየቆረጥኩ እነዚህ እናቶች ፀጉር ላይ ሳራግፍ ከረምኩ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ። መንደሩ አበደ ብሎኝ ነበር።

ሀብቱ፦ (በቀስታ) ለምን አልነገርከኝም?

የሻው፦ የአሰለፈችንም ታስነቅለው ነበራ!

(ሀብቱ መሬት መሬቱን አየ። ጓድነቱ ሁሉ ረገፈ።)

ሀብቱ፦ የሻው ወንድሜ፣ በሞትኩት፣ ለማንም አትንገር። ግን ነገ ለጎብኚዎቹ የማስረክበው ቅጽ አለ። “የአባት ዘር ስም” ይላል። ምን ብዬ ልሙላው?

የሻው፦ እውነቱን ጻፋ! አባት፦ ወይዘሮ አሰለፈች።