ቮልቴጅ ያጣው ሽምግልና

ቮልቴጅ የሚለውን ቃል የማይናገር ሰው የለም፤ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅም የለም። አትቆጡ፣ እኔም አላውቅም ነበር። ዕድሜዬን በልብስ ስፌት የጨረስኩ፣ ከትምህርት ቤት ፊደል ቆጥሬ ብቻ የወጣሁ ሽማግሌ ነኝ። ግን ከመናገር ማን ይቀራል? አምፑል ሲፈዝ "ቮልቴጅ ወረደ" እንላለን። ትራንስፎርመሩ ላይ የራስ ቅል ተስሎ "ሃይ ቮልቴጅ" ይላል፤ እንሸሻለን። የሰፈራችን ጎረምሶች ደግሞ ቆንጆ ልጅ ስታልፍ "ቮልቴጇን አየኸው?" ይባባላሉ። እነሱ ግን አይሸሹም።

ልጄ ሰናይት ካዛንቺስ አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት። ፈረንጆቹም እንደኛው ናቸው አለችኝ። ፈገግታው የሚያምር ሰው ሲያዩ በእንግሊዝኛቸው "ሃይ ቮልቴጅ ፈገግታ" ይላሉ አሉ።

"ስህተት ነው ግን" አለች እራት ላይ። "አባባ፣ በሙያው ከሄድክ ቮልቴጅ አንድ ነገር ውስጥ ብቻውን አይቀመጥም። በሁለት ቦታዎች መካከል ያለ ልዩነት ነው። 'ይሄ ሽቦ ቮልቴጁ ስንት ነው?' ሲሉህ 'ከየት እስከ የት?' ብለህ መጠየቅ አለብህ። ልዩነት ከሌለ የሚሄድ ኤሌክትሪክ የለም። ዮናስ ነው ያስረዳኝ።"

"ዮናስ ማነው?"

"ማለቴ... የሆቴሉን ጄኔሬተር የሚያየው ልጅ ነው። በቃ፣ የሥራ ጓደኛዬ።"

አንባቢዬ፣ የተቃጠለ አምፑል ፈትታ የማታውቅ ልጅ ካለችዎትና አንድ ቀን ስለ ቮልቴጅ ማስረዳት ከጀመረች፣ ለሽማግሌ የሚሆን ወንበር ያዘጋጁ። እኔ ወንበሩን አስጠግኜ ሳልጨርስ መልእክቱ መጣ፤ የዮናስ ሽማግሌዎች እሑድ አመሻሽ ላይ ይመጣሉ።

ሰናይት አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ። "አባባ፣ መብራቱን አንድ ነገር አድርገው። የሚመሩት የዮናስ አጎት ናቸው። ቶሎ የሚከፋቸው ሰው ናቸው፤ አንዴ ካኮረፉ ደግሞ አይመለሱም። ዮናስ ከሳቸው ሌላ ሰው የለውም።"

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ቂርቆስ ያለው ግቢያችን ውስጥ መብራት የሚወርደው ከፍቅር የተነሳ ነው። ልንገራችሁ። የአቶ በላቸው ቤት መብራት የሚያገኘው ከወይዘሮ አስካለ ቤት በተሳበ ሽቦ ነው፤ የአስካለና የኛ ቤት ደግሞ በአንድ መስመር ላይ ናቸው። ሁለቱ ሲጣሉ አስካለ ሶኬቱን ትነቅላለች፤ በላቸው ሻማ ያበራል፤ የኛ አምፑል ግን እንደ ጥቅምት ፀሐይ ቦግ ይላል። ሲታረቁ ሶኬቱ ይሰካል፤ በላቸው የኤሌክትሪክ ምድጃውን ይለኩሳል፤ የኛ አምፑል ፍም ይሆናል። የሚያስታርቃቸው ማነው? እኔ። ስንት ዘመን በገዛ አፌ የገዛ መብራቴን ሳፈዝ ኖሬያለሁ።

በዚያ ሳምንት ደግሞ እንደ እህትና ወንድም ነበሩ። ስለዚህ፣ ይቅር ይበለኝና፣ እስከ እሑድ ብቻ ላጣላቸው ብዬ ተነሳሁ።

ሐሙስ ዕለት ወደ አስካለ ሄድኩ።

"አስካልዬ፣ መቼም ሰው ነውና... በላቸው አንድ ነገር ብሏል።"

"ምን አለ ጋሼ?"

ለካ ውሸቱን ሳላዘጋጅ ነው የሄድኩት። ዙሪያዬን ሳይ ድስቷ ታየኝ። "ወጥሽ ጨው በዝቶበታል ብሏል" አልኩ።

ማማሰያዋን ከድስቱ አወጣች። ሠራልኝ ስል፣ "እውነቱን ነው" አለች። "ደፍሮ የሚነግረኝ ጠፍቶ ነው እንጂ እኔም ጠርጥሬ ነበር። ወንድም ማለት እንዲህ ነው።"

ወደ በላቸው ዞርኩ። "በላቸው፣ አስካለ ማንኮራፋትህ በግድግዳው እያለፈ እንቅልፍ ነሳኝ ትላለች።"

"ውይ፣ እትዬ አስካለ" አለ እጁን አፉ ላይ ጭኖ። "እስከዛሬ ችለው ነው?" ወዲያው አልጋውን ወደ ሌላኛው ግድግዳ አዞረ። አፍሮ ምክንያቱን ሳይናገር ብርቱካን ገዝቶ ወሰደላት። እሷም ምክንያቱን ሳትጠይቅ መረቀችው።

ሰው ሁሉ ነገር ማዋሰድ ቀላል ይመስለዋል። ሙያ ነው። ዕድሜ ልኩን ሲያስታርቅ የኖረ አፍ ሲዋሽም ያስታርቃል።

ቅዳሜ ሁለቱ ተያይዘው መጡ። "ጋሼ፣ የሽማግሌዎቹን መስተንግዶ ለኛ ይተዉት" አለች አስካለ። "ዶሮው በኔ ምድጃ፣ ጥብሱ በበላቸው ምድጃ።" ሁለት ምድጃ፣ በአንድ ሽቦ፣ በአንድ ሰዓት። አመሰገንኳቸው።

እሑድ አመሻሽ ላይ አምፑላችን ውስጥ ያለችው ቀጭን ሽቦ ብቻ ቀልታ ትታያለች፤ ለራሷም አታበራ። ካፖርቴን ልተኩስ ካውያ ብሰካ፣ ካውያው ከእጄ ይቀዘቅዛል። እስኪሞቅ ብዬ ካፖርቱን ድሮ ልብስ ስሰፋ ለምለካበት፣ ራስ ለሌለው የእንጨት ሰውዬ አለበስኩት። ባርኔጣዬንም አንገቱ ላይ ደፋሁበት። እንግዶቹ ቀድመው መጡ።

ሦስት ነበሩ። እንደ ወጉ አንቀመጥም አሉ። እኔ በሩ አጠገብ በሹራብ ቆሜ "እንደምን አመሻችሁ" አልኩ። የዮናስ አጎት "እግዚአብሔር ይመስገን ወንድሜ" ብለውኝ አለፉ። ቀጥ ብለው ሄደው ካፖርቴ ፊት ቆሙ፤ እጅ ነሱት።

"የተከበሩ አባታችን" አሉት።

ላርማቸው አፌን ከፈትኩ... ግን ሽማግሌ ቆሞ ሲናገር ማቋረጥ ነውር ነው። ይጨርሱ አልኩ። እሳቸው ደግሞ የሚጨርሱ ዓይነት አይደሉም። ከዘር ጀመሩ፣ በዮናስ ምግባር አለፉ፣ ጄኔሬተሩ ላይ ሰፊ ጊዜ ወሰዱ። ካፖርቴ ሳይነቃነቅ አዳመጠ። እውነቴን ነው፣ እኔ ውስጡ እያለሁ እንደዚያ ያለ ግርማ ኖሮት አያውቅም።

"እንግዲህ ልጅዎን ለልጃችን ይሰጡን ዘንድ ደጅ ጠንተናል" ብለው ጨረሱ። ጠበቁ።

ካፖርቱ ዝም።

"ምነው አባታችን፣ ያስቀየምንዎት ነገር አለ?"

ዝም።

አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። "ንቀውናል። ባርኔጣቸውን እንኳ አላነሱልንም።"

አጎትየው ከዘራቸውን ጨበጡ። "በቃ፣ እንሂድ።"

ሰናይትና እናቷ ከኋላዬ ካለው መጋረጃ ጀርባ ናቸው። ባለቤቴ እጇን አሾልካ ቆነጠጠችኝ፤ "ተናገር እንጂ፣ ልጅቷን ልታስቀራት ነው!" ምን ብዬ ልናገር? "ሲለምኑ የቆዩት ካፖርቴን ነው" ብላቸው፣ ቁጣቸው ቢመልሳቸው እንኳ እፍረታቸው አይመልሳቸውም።

ይሄኔ ከግቢው የበላቸው ድምፅ መጣ።

"እትዬ አስካለ፣ ይሄ ዶሮ ጨው የለውም እኮ።"

"በዛ ብለህ አይደል እንዴ? አልጨመርኩማ።"

"እኔ? መቼ ነው ያልኩት?"

"ለጋሼ ነግረህ!"

"የሰው ወጥ በልቼ የማማ ሰው ነኝ እኔ?"

"እንግዲያ ጋሼ ዋሹ ልትለኝ ነው? እኚያ ሰው? በዛ ትላለህ፣ አነሰ ትላለህ፣ ደግሞ አላልኩም ትላለህ። ለውሸታም የሚሆን ሽቦ የለኝም!"

አምፑሉ ቦግ አለ።

አጎትየው ካፖርቴን አዩት። ባርኔጣውን አዩ። ከባርኔጣው ሥር ፊት ፈለጉ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ቤቱ ውስጥ የሚተነፍስ ጠፋ፤ ሁላችንም ከካፖርቱ እኩል ሆንን።

"አባቴ" አልኩ በተቻለኝ ትሕትና፣ "የሱ ዝምታ መስማማቱ ነው። እኔ ግን እንደ አባት ወግ ጥቂት ቀን ላስብበት።"

ከንፈራቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ለቁጣ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ከዘራቸው ላይ ተደግፈው እየሳቁ ነበር፤ እንባቸው እስኪመጣ።

"ከርስዎ ይልቅ ከሱ ጋር መዛመድ ይሻለናል" አሉ። "ሰው ሲናገር ያዳምጣል።" አሉና ተቀመጡ።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ይባላል፤ አስካለም ደግሳ ነው የተጣላችው። ዶሮው እውነትም ጨው አልነበረውም። እየተሳቀ ተበላ፤ ስለ ጨው ያነሳ የለም፤ እኔ በተለይ አላነሳሁም።

በማግስቱ በላቸው እጅጌው ላይ ሻማ ተንጠባጥቦበት መጣ። ፊቱ ሁለት ቦታ ተቆርጧል።

"ጋሼ፣ እትዬ አስካለን ይለምኑልኝ እንጂ። በሻማ ብርሃን መላጨት አልቻልኩም። ደግሞ ምን እንዳጠፋሁ አላውቅም።"

ምንም እንዳላጠፋ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አንጀቴን በላው። እራቱን ከኛ ጋር እንዲበላ፣ ጢሙንም እኛ ቤት እንዲላጭ ነገርኩት። ግን ሽማግሌዎቹ መልሴን ለመስማት ይመለሳሉ፤ ከዚያ ደግሞ ቀለበት አለ፣ የሰናይትም ቀሚስ ገና በኔ መኪና መሰፋት አለበት... ቀና ብዬ አምፑሉን አየሁት። ያበራል።

"በላቸው ልጄ" አልኩት፣ "ቮልቴጅ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለህ?"

"ኧረ አላውቅም ጋሼ።"

"በል ቁጭ በል፣ ቀስ ብዬ አስረዳሃለሁ። እስከ ሰርጉ ጊዜ አለን።"