ባዶ ሆድ የጨበጠው መሪ

እኛ ዘንድ ቁርስ አለመብላት ከመቼ ጀምሮ እንደ ማዕረግ መቆጠር እንደጀመረ አላውቅም። ሰውየውን «ቁርስ በላህ?» ብላችሁ ጠይቁት። «እኔ እንኳ ጠዋት ጠዋት እህል አይወርድልኝም» ይላችኋል፤ ያውም ደረቱን ነፋ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ ከባድ ግዳጅ ተወጥቶ የተመለሰ ይመስል። አጠገቡ ያለው ደግሞ እንዳይበለጥ «እኔማ እስከ ምሳ ውኃም አልቀምስ» ይላል። ሦስተኛው ምን እንደሚል ልነግራችሁ አልፈልግም። እህል ሞልቶ በተረፈበት ቤት ሰው በረሃቡ ሲፎካከር ከማየት በላይ የሚያበሽቀኝ ነገር የለም።

ጾመኛውን አልነካም። ጾመኛ ለምን እንደሚራብ ያውቃል፤ ለማን ብሎ እንደሚራብም ያውቃል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ደግሞ ተባርኮ ይበላል። የሌለውንም ሰው አልነካም፤ አጥቶ በተራበ ሰው ላይ የሚናደድ፣ እሱ ራሱ ሊናደዱበት የሚገባ ነው። የኔ ንዴት በፍስክ ቀን፣ ዳቦው መሶብ ውስጥ እያለ፣ ያለ ማንም ትእዛዝና ያለ ምንም በረከት ሆዱን አስሮ በሚወጣው ላይ ነው።

ይህን ያህል የምንጨረጨረው ያለ ምክንያት እንዳይመስላችሁ። እንጅባራ ውስጥ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ጠዋት በሩን ስከፍት ብርዱ ከእኔ ቀድሞ ይገባል፤ ብርዱን ተከትሎ የጨጓራ ሕመምተኛ ይገባል። አንዱ ያቃጥለኛል ይላል፣ አንዱ ራሴን ይወቅረኛል ይላል፣ አንዱ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ሁሉ ያናድደኛል ይላል። «ቁርስ በልተሃል?» ስለው እናቱን የሰደብኩበት ያህል ያየኛል። «አንተ መድኃኒቱን ስጠኝ» ይለኛል። እሰጠዋለሁ። እሽጉ ላይ «ከምግብ በኋላ» ብዬ እጽፍበታለሁ። እሱ ግን ከደጃፌ ሳይርቅ፣ እያየሁት፣ በባዶ ሆዱ ዋጥ አድርጎት ይሄዳል። ታዲያ እንዴት አልናደድ?

በቅርቡ አንድ ጠዋት ዳንግላ ያለችውን እህቴን ልጠይቅ ብዬ ከመናኸሪያው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ቁርሴን በልቻለሁ፤ ይህን የምነግራችሁ ልኮራ ብዬ አይደለም፣ ኋላ ስለሚያስፈልግ ነው። የደረሰኝ ቦታ ጋቢና፣ ከሹፌሩ ጎን ነበር። ሹፌሩ አንማው ይባላል፤ ጎልማሳ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ፊቱ ግን ያልተነጠፈ አልጋ የሚመስል ሰው ነው። መኪናው ሳይነሳ በፊት ከሁሉም ሰው ጋር ተጣልቶ ጨርሶ ነበር። ከኋላዬ የተቀመጡትን እትየ የሻረግን፣ ከእግራቸው ሥር ባስቀመጡት ዘንቢል የተነሣ፣ «ይኼ የጭነት መኪና አይደለም» ብሎ ጮኸባቸው።

እትየ የሻረግ ነጠላቸውን አስተካክለው «ቀስ ብለህም ብትናገር እሰማለሁ፣ ልጄ» አሉት።

መንገድ ከጀመርን በኋላም አልበረደለትም። የአስፋልቱን ጠርዝ ይዞ ለቅሶ የሚሄድ ፈረሰኛ ላይ ጥሩምባውን ለቀቀበት፤ ፈረሱ ደንብሮ ሰውየውን ሊጥለው ምንም አልቀረው። ይህን ጊዜ ነው ግንባሩን ያየሁት። ውጭ ጉሙ ገና አልተገፈፈም፤ የመኪናው መስታወት ከቅዝቃዜው የተነሣ ላብ አውጥቷል፤ አንማው ግን እሱ ራሱ ላብ በላብ ሆኗል። መሪውን የጨበጠው እጁ ይንቀጠቀጣል። በየቀኑ መስኮቴ ላይ የማየው እጅ ነው።

«ወንድሜ፣ ቁርስ በልተሃል?» አልኩት ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ስመለስ እበላለሁ» አለ መንገዱን እያየ።

«ትንሽ ቆመህ አንድ ሻይ ብትጠጣ።»

«ምንም አልሆንኩም አልኩህ እኮ።»

እንዲያ አላለኝም ነበር፤ አሁን ገና ማለቱ ነው። ይህን ልብ ብዬ ሌላ ነገር ልናገር አፌን ስከፍት፣ አዲስ ቅዳም ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን፣ ጭንቅላቱ ዘንበል አለ። አልተኛም፤ ዓይኑ ክፍት ነው፤ ግን የሚያይ ዓይን አልነበረም። መኪናው ቀስ ብሎ፣ ሰው አክብሮ መንገድ እንደሚለቅ ሁሉ፣ ወደ ቀኝ ዞረ። መሪውን ያዝኩ። ዘግይቻለሁ። መንገድ ዳር ለገዢ የተደረደሩ የከሰል ጆንያዎች ነበሩ፤ እነሱ ውስጥ ገባን።

ድምፁ የሚያስፈራ አልነበረም። ደረቅ ቅርንጫፍ ሲረገጥ የሚሰማው ዓይነት፣ ብቻ ብዙ ሆኖ። ከዚያ ጥቁር አቧራ ተነሥቶ እርስ በርስ መተያየት አቃተን። ሞተሩ ጠፋ። የአንዱ ግንባር ተላጠ፤ ከዚያ በላይ የተጎዳ ሰው አልነበረም። ጆንያዎቹ ባይይዙን ከሥር ያለው ቦይ ውስጥ ነበርን።

የከሰሉ ባለቤት ሕፃን ያዘለች ወጣት ሴት ናት። ከመንገዱ ማዶ፣ ከባሕር ዛፍ ሥር ቆማ ነበር። ተሻግራ መጣችና ተከስክሶ የተዘረገፈውን ከሰል አየች፤ አላለቀሰችም፣ አልተራገመችም። «አሁን እዚህ ተቀምጬ ነበር» አለች ቦታውን በጣቷ እያሳየች። «ልጁ ሲያለቅስብኝ ከንፋሱ ልከልለው ብዬ ተሻገርኩ።»

 

እሷ ባትራገምም ተሳፋሪው ሁሉ አንማው ላይ ወረደ። ጥቁር ጃኬት የለበሰ ግዙፍ ሰው ከመኪናው ጎትቶ አወረደውና ኮሌታውን አነቀው። «ጠጥቶ ነው፤ ትራፊክ ይጠራ» አለ። ሌሎቹም «ይጠራ፣ ይታሰር» አሉ። ጠጋ ብዬ ትንፋሹን አሸተትኩ። መጠጥ የለበትም። ይልቅ ያ ጎምዛዛ የባዶ ሆድ ጠረን አለበት።

«አልጠጣም» አልኩ። «አልበላም።»

የሰማኝ አልነበረም። እትየ የሻረግ ግን ሰውን በክርናቸው እየለዩ ገቡና የጃኬታሙን እጅ ከአንማው ኮሌታ ላይ አነሡት። «ልቀቀው» አሉት። አንማው መሬት ላይ ተቀመጠ። እሳቸውም ጎንበስ ብለው፣ «እህል ከቀመስክ ስንት ጊዜህ ነው፣ ልጄ?» ሲሉ ጠየቁት።

«ትናንት ምሳ... መሰለኝ» አለ።

«ምነው?»

«ሳይነጋ ካልተሰለፍኩ ተራዬ ያልፈኛል። ቁርስ ልብላ ብዬ ዞር ካልኩ ሌላው ይጭናል። ማታ ስገባ ደግሞ እህሉን ሳየው ይደክመኛል፣ እተኛለሁ።»

እትየ የሻረግ ያንን የተሰደቡበትን ዘንቢል አስወርደው ፈቱት። ድፎ ዳቦና በጣሳ የተሞላ ማር ነበር። መጀመሪያ ማሩን አስላሱት፤ ዳቦውን አስከተሉ። «ዳንግላ ላለው ልጄ የያዝኩት ነው» አሉን፤ «እሱም ቢሮ እንዳይረፍድብኝ እያለ ሳይበላ ነው የሚሮጠው።» ከዚያ ቀና ብለው ዙሪያቸውን ከበው የቆሙትን ጥቁር ፊቶች አዩ። «እናንተስ? ቁርስ በልቶ የተሳፈረ ማነው?»

እጄን አወጣሁ። ሌላ እጅ አልወጣም። ጃኬታሙ ሰውዬ ጫማውን ማየት ጀመረ። «እኔ... ቁርስ አልለምድም» አለ፤ ያችው ኩራት ናት፣ ግን የዚያን ጊዜ ድምጿ ከስሎ ነበር።

ይኸውላችሁ። ሹፌሩን ጠጥቷል ብለው ሊያሳስሩት የነበሩት በሙሉ ያልበሉ ናቸው። ልዩነታቸው መሪ አለመጨበጣቸው ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ምን ልዩነት ነው? አንዱ ቢሮ ገብቶ ባለጉዳይ ይቆጣል፣ አንዱ ክፍል ገብቶ ተማሪ ላይ ይጮኻል፣ አንዱ ፈራጅ ነው፣ አንዱ መርፌ ወጊ ነው። ሁሉም የሆነ መሪ ጨብጧል፤ ሁሉም ደረቱን ነፍቶ «ጠዋት እህል አይወርድልኝም» ይላል። ከየቢሮው የምንሰማው ያ ሁሉ ስድብና «ነገ ተመለስ» ስንቱ ከክፋት፣ ስንቱ ከጨጓራ እንደሚመጣ ማን ለይቶ ያውቃል?

ባለከሰሏ ከቢጫ ጀሪካን ውኃ እያፈሰሰች እጃችንን አስታጠበችን። ጥቁሩ አልለቀቀም፤ እንዲሁ በላን። ዳቦው ለሁሉም በቃ ማለት ይከብደኛል፣ ደረሰ ብል ይሻላል። ግን አንድ ነገር አየሁ። ጃኬታሙ ሰውዬ ጉርሻውን እንደዋጠ ስለ ትራፊክ ማውራቱን ተወ። ቀጥሎ ጃኬቱን አወለቀ። ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ ከሰል ይለቅም ጀመር። ሁላችንም ተከተልነው። የተቀደዱትን ጆንያዎች አሰርን፣ የተዘረገፈውን መልሰን ሞላን፤ የደቀቀውን አንማው ሊክሳት ከሴትየዋ ጋር ተነጋገረ፤ ሕፃኑን እትየ የሻረግ ያዙት።

«እንግዲህ በላ አይደል፣ እንሂድ» አለ የቸኮለ አንድ ሰው።

«እጁ እስኪረጋ ንቅንቅ የለም» አሉ እትየ የሻረግ። እጁ እስኪረጋ ጠበቅን። እኔም ስኳሩን ሐኪም ዘንድ ሄዶ እንዲመረመር ለመንኩት፤ እሺ አለኝ። ከዚያ በኋላ ያ ሰው እንዴት እንደነዳ ብታዩ። ፈረስ ሲያገኝ ቀዝቀዝ፣ ሰው ሲያገኝ ፈገግ ይላል። ዘንቢሉንም ራሱ ተሸክሞ ነበር ያስገባላቸው።

ዳንግላ መናኸሪያ ስንደርስ ሞተሩ ሳይጠፋ የእንጅባራ ተሳፋሪ በሩን ከበበው። ተራ አስከባሪው የተጨረማመተውን የመኪናውን አፍንጫ እያየ፣ ምን ሆነህ ነው እንኳ ሳይል፣ «ጫን፣ ተራህ ነው» አለው።

አንማው ቁልፉን ነቅሎ ወረደ። «ቁርስ ልበላ ነው» አለ።

«ተራህን ታጣለህ።»

«ልጣ።»

ተሳፋሪው አጉረመረመ። አንዲት ሴትዮ «ሥራ የጠላ ሰው፤ በጠዋት ምን የሚባል መብላት ነው» አለች። ቀጣዩ ሹፌር መኪናውን አስጠግቶ ሁሉም እየተጋፋ ወደ እሱ ገባ። እኔም አላስችል ብሎኝ በመስኮቱ በኩል «ወንድሜ፣ አንተስ ቁርስ በልተሃል?» ብዬ ጠየቅኩት።

«እኔ?» አለ ደረቱን ነፋ አድርጎ። «እኔ እንጅባራ ደርሼ ሳልመለስ አፌን አልሽርም።»

«ሹፌር ማለት እንዲህ ነው» አለች ሴትዮዋ ከኋላ፤ በሩ ተዘጋና ሄዱ።

እትየ የሻረግ ባዶ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ልጃቸውን ፍለጋ አዘገሙ። እኔ እዚያው እንደቆምኩ አንማው ከምግብ ቤቱ በር ላይ ሆኖ ጠራኝ። ፍርፍር አዝዟል። ቁርሴን የበላሁ ብሆንም ገብቼ ተቀመጥኩ፤ እንዲያ ተናድጄ በዚያ መናኸሪያ ውስጥ ከእሱ ሌላ ልቀርበው የምችል ሰው አልነበረም።