ለወንበር የገባሁት ዋስትና

እኛ አዊዎች ዘንድ ያለ ዋስ የሚያልቅ ነገር የለም። ሲጋቡ ዋስ፣ ሲታረቁ ዋስ፣ በሬ ሲሸጥ እንኳ ዋስ። ሸንጎ ፊት «ዋስ ማነው?» ሲባል ዝም ማለት ያሳፍራል፤ ስለዚህ አንዱ ዘሎ ይገባል። ምን ውስጥ እንደገባ የሚገባው ቤቱ ደርሶ ጫማውን ሲያወልቅ ነው።

እንጅባራ ውስጥ የቀርከሃ ወንበር በሚሠራ ድርጅት የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ነበርኩ። የኅብረት ስምምነት ልንደራደር ስንቀመጥ ጥያቄያችን አንድ ነበር፤ በክረምት ሥራ በአንድ ሰዓት መጀመሩ ቀርቶ በሁለት ሰዓት ይሁን። ከዘንገና በኩል በእግራቸው የሚመጡት እትዬ ዘውዴ ጭጋጉና ጭቃው ባዘገያቸው ቁጥር በሩ ይዘጋባቸዋል። ሁለት ማስጠንቀቂያ ተጽፎባቸዋል፤ ሦስተኛው ስንብት ነው።

ሥራ አስኪያጁም ያው የአገሬ ሰው ነው፤ ሕግ ከማገላበጥ ሽምግልና ይቀናዋል። «ወር እንሞክረው» አለ። «ምርት ቢቀንስስ? ዋስ ማነው?»

የትኛው የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ላይ ነው ዋስ የተጻፈው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። «እኔ ነኝ» አልኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ምርቱ ከቀነሰ ሥራዬን ልለቅ ፈረምኩ። እትዬ ዘውዴ መረቁኝ፤ እኔ ግን የማስበው ቤት ያሉትን ሦስት ልጆቼን ነበር።

ያን ወር እንዴት እንደፈራሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ሰው ሻይ ሲጠጣ ሰዓት አያለሁ። ሽንት ቤት የቆየ ካለ ሄጄ በሩን አንኳኳለሁ። አንዱ የእናቱን ሕመም ሊነግረኝ ሲጀምር «ቀርከሃውን እየሰነጠቅህ አውራኝ» አልኩት። አፈርኩ፤ ግን አልተውኩም። ተቆጣጣሪዎቹ ሥራ ስለቀለላቸው ፀሐይ ይሞቁ ጀመር።

ወሩ ሲያልቅ ወንበሩ ከወትሮው በዝቶ ተገኘ። ሥራ አስኪያጁ «ሰው ሲደራደር ለካ ይተጋል» አለና ሁለት ሰዓትን ስምምነቱ ውስጥ አስገባው። ድርድሩ ይሁን ፍርሃቴ ምርቱን ያሳደገው፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

በሳምንቱ የማኅበሩ አባላት ስብሰባ ጠሩ። አጀንዳው ሠራተኛውን የሚያዋክብ ሰው ከቦታው እንዲነሣ ነበር። የትኛው ተቆጣጣሪ ይሆን ብዬ ዞር ዞር አልኩ። እትዬ ዘውዴ ተነሡ።

«ልጄ፣ አትቀየመኝ» አሉ። «ዱሮ በሩ ነበር የሚያስፈራኝ። አሁን አንተን ነው የምፈራው።»

ሊቀ መንበሩ ይውረድ የሚል እጁን ያውጣ ተባለ። ሁሉም አወጣ። እኔም አወጣሁ።