ሦስት ዓርማ ያለው ሰሌዳ

የሰው ልጅ ለንጹሕ ኃይል ሲል ጠቡን እንዴት እርግፍ አድርጎ እንደሚተው ማወቅ የሚሻ ሁሉ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር በአንዲት የኬንያ ከተማ የሆነውን ቆሞ ያድምጥ።

በዚያች ከተማ ሦስት የልማት ድርጅቶች በአንድ መንገድ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ለሰላምታ እንኳ አይተያዩም ነበር። ማማ አፖንዲ ኦሜና የምትባለውን ጣት የማታህል ዓሣ አድርቃ ነው የምትኖረው። በዝናብ ወራት እርጥብ አሸዋ ላይ ያሰጣችው ስለሚበሰብስባት፣ የፀሐይ ማድረቂያ እንዲሠሩላት ሦስቱንም ደጅ ጠንታለች። ሦስቱም «አይመለከተንም» ብለው መልሰዋታል።

አንድ ቀን ለጋሾች ማስታወቂያ አወጡ። ለንጹሕ ኃይል ፈጠራ ገንዘብ የሚሰጠው ሦስት ድርጅት ሆኖ ለመጣ ብቻ ነው። ከምሳ በፊት የተኳረፉት ሥራ አስኪያጆች ከምሳ በኋላ ተቃቀፉ። ሚስተር ኦጉታ የተባሉት አንደኛው እንባ ተናነቃቸው፤ የማመልከቻው ቀን ሊያልፍ አንድ ቀን ቀርቶት ነበርና።

ገንዘቡም መጣ። ጥምረቱ ታላቁን የሙያ ጥያቄ አነሳ፤ በፕሮጀክቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የማን ዓርማ ይተልቅ? ሰባት ስብሰባ ተደረገ። ዓርማዬ አነሰ ያለ ሁሉ ሰሌዳውን በሁለት ክንድ አሰፋው። በመጨረሻ ከጀልባ ሸራ የሰፋ ቆርቆሮ፣ ፊቱ በዓርማ አሸብርቆ፣ ጀርባው እንዳይዝግ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ሐይቁ ዳር ቆመ።

«ማድረቂያውስ?» አለች ማማ አፖንዲ።

«ማማ፣ መጀመሪያ ትብብር ነው» አሏት ሚስተር ኦጉታ። «ማድረቂያው ምዕራፍ ሁለት ላይ አለ።»

«ዓሣዬ ምዕራፍ ሁለት ድረስ ይቆይልኛል? ዘንድሮም ከበሰበሰብኝ እኮ ሥራዬን መዝጋቴ ነው!»

«በቃለ ጉባኤ ይያዝልሻል።»

ዝናቡ ቃለ ጉባኤ አላነበበም። የሦስት ቀን ዓሣ ሸተተ። ማማ አፖንዲ መጀመሪያ አለቀሰች፤ ቀጥላ ተናደደች። ጎረቤቶቿን ጠርታ ሰሌዳውን ነቀለችና ድንጋይ ላይ በፊቱ ደፋችው። ደመናው ገለጥ ሲል ጥቁሩ ቆርቆሮ ጋለ፤ ጠዋት ላዩ ላይ የተሰጣው ኦሜና እኩለ ቀን ሳይሆን ተንኮሻኮሸ።

በሳምንቱ የለጋሾቹ ገምጋሚ ሥራ አስኪያጆቹን አስከትላ መጣች። ሚስተር ኦጉታ የተደፋውን ሰሌዳ ሲያዩ አመድ መሰሉ።

«ይህን የመሰለ ፈጠራ የማን ነው?» አለች ገምጋሚዋ ተደንቃ።

«የእኛ!» አሉ ሦስቱም። ጥምረቱ በአንድ ድምፅ ሲናገር ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ገምጋሚዋ ምዕራፍ ሁለትን እዚያው አጸደቀች፤ ለስኬቱ መታሰቢያ አዲስ ሰሌዳ እንዲቆምም አዘዘች። ሚስተር ኦጉታ ወደ ማማ አፖንዲ ጠጋ አሉ።

«ማማ፣ አደራሽን፣ ምንም እንዳትተነፍሺ።»

«አልተነፍስም። አዲሱ ሰሌዳ ምን ያህላል?»

«ያው ይህንኑ ነዋ፤ ሦስት ነን።»

«እንግዲያው» አለች ዓሣዋን እያገላበጠች፣ «ሌላ ሦስት ድርጅት ጨምሩበት። ጀርባውንም ጥቁር መቀባት እንዳትረሱ።»