ከዱባይ ፎቅ ላይ ጎባን ማየት

የትም አገር ሄዶ የራሱን ሰፈር የሚያስጎበኝ ሰው ገጥሟችኋል? የኛዋ ዘይነባ ናት፤ የጎባ ልጅ። በሽታው መድኃኒት የለውም።

ዘይነባ፣ ሐዊና እኔ ዱባይ አብረን እረፍት ያገኘንበት ብቸኛ ቀን ነበር። ከተማዋን ከላይ ልናይ ረጅም ፎቅ ላይ ወጣን። ታች ያለው ግን ጉም ብቻ ነው። ሐዊ እንባዋ መጥቶ «እንውረድ» ስትል ዘይነባ መስታወቱን በጣቷ ነካች።

«ቆይ እንጂ ሐዊዬ። ያውልሽ ሳነቴ ተራራ፣ በዚህ ስትወርጂ ጎባ። ያ ሚኒባስ ሮቤ ነው የሚሄደው።»

«አብደሻል እንዴ? የታለ ሚኒባሱ?»

«ሰው እየጫነ ነው።»

ሐዊ ዓይኗን ጠርጋ ወደ ጉሙ አየች። አጠገባችን የቆሙ ቱሪስቶች የዘይነባን ጣት እየተከተሉ ጉሙን ፎቶ ያነሳሉ። እኔ እንደነሱ ሞኝ አይደለሁም፤ ፎቶ ያነሳሁት ሚኒባሱ ሞልቶ ሲንቀሳቀስ ነው።