ሊቀ ጆሮና ሰባቱ ማዳመጫዎቹ

አንድ ተራ ቀን ሊቀ ጆሮን የሚያስወጣው ይህን ያህል ነው፦ አሥራ አራት «እ? ምን አልሽኝ?»፣ ሁለት ብርጭቆ የቀዘቀዘ ሻይ፣ አንድ ያመለጠ አውቶቡስ፣ ከጓዳው በር መቃን ጋር አንድ ግጭት፣ መሥሪያ ቤት ሲገባ ደግሞ ግንባሩ ላይ የሚያርፉ ሦስት ላጲሶች። ላጲሱን የሚወረውሩት የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ናቸው። «ስጠራው አይሰማ፤ ስደውልለት ስልኩ ራሱ ዘፈን ላይ ነው። ታዲያ ምን ላድርግ?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው።

ሊቀ ጆሮ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ የሚኖረውም እኛው ጋ ነው። ማዕረጉን የሰጠሁት እኔ ነኝ። እንዲህ ያለ ሰው በየቤቱ አንድ አይጠፋም። እናንተ ቤት ከሌለ ጎረቤት አለ፤ ጎረቤትም ከሌለ እንግዲህ ራሳችሁ ናችሁ ማለት ነው። የዚህ ዓይነቱ ሰው ዘፈን አይሰማም። የሚሰማው ዘፈኑ የሚመጣበትን ዕቃ ነው። ግጥሙን ብትጠይቁት አንድ ስንኝ አያውቅም፤ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ከበሮ መቺው ጉሮሮውን እንደጠረገ ግን ይነግራችኋል።

ስቄ ባለፍኩት ነበር። ነገር ግን ልጄ እሱን መምሰል ጀመረች።

ሚጡ ሦስት ዓመት ከመንፈቋ ነው። ሁለት ወር ሆናት፤ ስትጠራ አቤት ማለት ተወች። አንዳንዴ ትመልሳለች፣ አንዳንዴ እንደ ግድግዳ ዝም። አንድ ቀን የመዋዕለ ሕፃናቱ መምህርት ለብቻዬ ጠሩኝ። «ልጅሽ እልኸኛ ናት። ጠረጴዛዬ አጠገብ አስቀምጫት እንኳ ስጠራት መስኮት መስኮቱን ታያለች። እስከ ወር መጨረሻ ካልተስተካከለች ለከርሞ ብናቆያት ይሻላል» አሉኝ። ከዚያ ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሌላ ችግር እንዳይኖርባትም አሳዪያት» ብለው ጨመሩ። «ሌላ» የምትለው ቃል ቤቴ ድረስ ተከትላኝ መጣች።

ባለቤቴ ብዙም አልተጨነቀም። «ምን ሌላ ችግር አለ? አጎቷን አይታ ነው። ጆሮ ዳባ ልበስ ማለትን ከባለሙያው እየተማረች ነው» አለኝ።

ነገሩ እውነት መሰለኝ። ባለሙያውን ብታዩት ለእናንተም ይመስላችሁ ነበር።

ክፍሉ ውስጥ ግድግዳው ላይ ሰባት ምስማር አለ፤ በሰባቱ ምስማር ሰባት ማዳመጫ ተሰቅሏል። ሁሉም በስማቸው ይጠራሉ። ትልቁ ጥቁር «ጀነራሉ» ነው፤ ከጆሮ አልፎ ግማሽ ጉንጭ ይሸፍናል። «ቤዙ በር አያንኳኳም፤ ገንጥሎ ነው የሚገባው» ይባልለታል። «መነኩሲቷ» ግራጫ ናት፤ አታጋንንም፣ አትሸነግልም፤ ዘፋኙ ጉንፋን ይዞት ከነበረ ጉንፋኑን ትናገራለች። «ነገረኛዋ» «ስ» እና «ሽ» በመጣ ቁጥር ጆሮ የምትወጋ ናት፤ እሷን አጥልቆ ከሰነበተ እሱም ነገረኛ ይሆናል። «አዳራሹን» ሲያደርግ ደግሞ ባዶ ግድግዳ በጣቱ እያሳየ፣ «ፒያኖው እዚያ ጥግ፣ ጊታሩ እዚህ፣ ዘፋኟ መሀል፤ አየሻቸው?» ይለኛል። «አየኋቸው፤ ጫማቸውን አውልቀው ይግቡ በላቸው፣ ወለሉን አሁን ነው የወለወልኩት» እለዋለሁ። የ«አዳራሹ» ተቃራኒ «ሚኒባሱ» ነው፤ እዚያ ውስጥ ሙዚቀኛው ሁሉ አንድ ወንበር ላይ ተደራርቦ ነው የሚጫወተው።

ስድስተኛዋ «ቀጭኗ» ጆሮ ውስጥ የምትገባ ስትሆን፣ ጫፏ ላይ የምትጠልቅ የላስቲክ ቆብ በትንሽ፣ በመካከለኛና በትልቅ መጠን ይዛ መጥታለች። ሰባተኞቹን ባለቤቴ ነው በልደቱ የሰጠው፤ ገመድ የላቸውም። ሊቀ ጆሮ ሳጥኑን ከፍቶ ገመዱን ፈለገና፣ «ገመድ የሌለው ማዳመጫ፣ ዘመድ የሌለው ሰው ነው» አለ። ስማቸው «ወላጅ አልባዎቹ» ሆኖ ቀረ። ወንድሙ እንዳይከፋው ብሎ በወር አንድ ቀን ያደርጋቸዋል፤ ያን ቀን ፊቱ ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ፊት ነው።

ክቡርነታቸው የሚመዝኑት ማዳመጫ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። እኔ ቆሻሻውን አውጣ ብዬ ስጮህበት፣ «እህትዓለም፣ ድምፅሽ መሀሉ ድንቅ ነው፤ ላይኛው ግን ትንሽ ይሰነጠቃል» ይለኛል። እሁድ ከምሳ በኋላ ወንድሙ ሲያንኮራፋ ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጥና፣ «ጥልቀት አለው፤ ቁጥጥር ይጎድለዋል» ብሎ ይፈርዳል። እንግዳ ከመጣም ሳይፈተን አይወጣም። አንድ ቀን ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ መቀስ ልትዋስ ስትመጣ «መነኩሲቷን» እና «ጀነራሉን» በየተራ አጠለቀላት።

«ልዩነቱ ተሰማሽ?»

«አዎ።» ሴትዮዋ መቀሱን ነው የፈለገችው።

«ምን ተሰማሽ?»

«ይሄኛው ጆሮዬን ያሞቀዋል።»

ሊቀ ጆሮ ደብተሩን አውጥቶ «ድምፁ ሙቀት አለው፤ ተራ ሰው እንኳ መስክሯል» ብሎ ጻፈ።

እንግዲህ በዚህ ሰው ላይ ነው ከመምህርቷ እንደተመለስኩ የተነሳሁበት። ክፍሉ በር ላይ ቆሜ፣ «ስማ! ልጄ አንተን መስላ ከትምህርት ቤት ከተባረረች፣ ሰባቱንም ከነምስማራቸው ይዘህ ሌላ ቤት ትፈልጋለህ!» አልኩት።

«ጀነራሉን» አነሳ አድርጎ፣ «እ? ምን አልሽኝ?» አለኝ።

ደገምኩለት። ቁጣ ሲደገም ግማሹ ይፈሳል፤ ቢሆንም ገባው። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ችግሩ ማዳመጥ ከሆነ ስጪኝ፤ እኔ አስተምራታለሁ» አለ። «በማዳመጥ ከእኔ በላይ አስተማሪ ከየት ታመጫለሽ?»

ይህን ከበር መቃን ጋር የተጋጨ ግንባር ይዞ ነው የሚናገረው። ግን ሌላ መላ አልነበረኝም። እሺ አልኩ።

ትምህርቱ ቅዳሜ ጠዋት ተጀመረ። እኔ መስኮቱ ጋ ልብስ አሰጣለሁ። ሚጡን ወንበር ላይ አስቀመጣት፤ «ጀነራሉ» አገጯ ድረስ ስለወረደ የታጠፈ ፎጣ አናቷ ላይ ደረበና አስተካከለው። ማዳመጫ ሲገዛ የሚፈትንበት በራሱ ድምፅ የቀዳው ነገር አለ፤ ዜና እንደሚያነብ ሰው ተኮፍሶ «ቀኝ … ግራ … ቀኝ … ግራ» ይላል። ድምፁን ለልጅ ጆሮ ዝቅ አደረገላትና፣ «የኔ እመቤት፣ በሰማሽበት በኩል እጅሽን ታወጫለሽ» አላት።

«ቀኝ» ሲል ቀኝ እጇ ወጣ። «ግራ» ሲል የእግሯን ጣቶች ታያለች። «ቀኝ»፤ እጅ። «ግራ»፤ የእግር ጣት።

«አየህ? ይሄው ነው እልኋ!» አልኩት።

«ልጅቷ ምንም አላጠፋችም!» አለኝ ተቆጥቶ። ሊቀ ጆሮ ሲቆጣኝ ያ የመጀመሪያው ነው። «ጀነራሉ ግራ ጎኑ ሞቷል።»

ካቻቢቴ ወጣ። «ጀነራሉ» ተፈታ፣ ሽቦው ተፈተሸ፣ ተገጠመ፤ ሚጡ አናት ላይ ሲመለስ ግራው አሁንም የለም። «መነኩሲቷ» መጣች፤ ግራ የለም። «ነገረኛዋ» መጣች፤ እሷም በግራ በኩል ዝም። እሁድ ማታ ደብተሩን ባየው፣ «አዳራሹ፦ የግራው ክንፍ ፈርሷል። ሚኒባሱ፦ የግራ ተሳፋሪዎች የሉም። ነፍስ ይማር» ይላል። ሰኞ አምስቱ ሆዳቸውን ከፍተው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግተው ነበር። ለማክሰኞ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ሲጠይቅ ቅጹ ላይ ምክንያቱን «የቤተሰብ ሐዘን» ብሎ ሞላው።

ማክሰኞ ሚጡን ከትምህርት ቤት ይዤ ስገባ፣ መልሶ የገጠመውን «ጀነራሉን» ራሱ አድርጎ ግድግዳ ላይ አፍጥጧል።

«እኔ ሳደርገው ይሠራል» አለኝ። «እሷ ስታደርገው ግራው ይሞታል።»

«እና ምን ይመስልሃል?»

«ጭንቅላቷ ትንሽ ስለሆነች ሽቦው ይታጠፍ ይሆናል።»

«አምስቱም ላይ?»

«የዘንድሮ ሽቦ …»

እኔ ስለ ሽቦ አላውቅም፤ ቤት ግን አስተዳድራለሁ። «አንተ ሰው፣ አምፖል ሲጠፋብኝ ግድግዳ አላፈርስም። አምፖሉን ፈትቼ ሌላ ክፍል ውስጥ እሞክረዋለሁ። ገልብጠህ አድርግላት!»

ገለበጠው። የግራው ቀኝ ጆሮዋ ላይ፣ የቀኙ ግራ ጆሮዋ ላይ ሆነ። ቀረጻው «ቀኝ» አለ። ሚጡ ዝም። «ግራ» አለ። ቀኝ እጇ ፈገግ ካለ ፊቷ ጋር አብሮ ወጣ።

ሦስት ጊዜ ደገመው። ከዚያ «ጀነራሉን» ቀስ ብሎ ከራሷ ላይ አነሳ፤ ከኋላዋ ተንበረከከና በግራ ጆሮዋ በኩል፣ «ሚጡ፣ ብስኩት» አላት በሹክሹክታ። ንቅንቅ የለም። በቀኝ ዞረ። «ሚጡ፣ ብስኩት።»

«የታለ?» አለች።

ሁለት ወር ሙሉ እልኸኛ ያልናት ልጅ አልሰማችንም ነበር። መምህርቷ ጠረጴዛቸው አጠገብ ሲያስቀምጧት እሳቸው በየት ጎኗ እንደሚሆኑ ታወሰኝ፤ በግራ።

«እህትዓለም» አለ ሊቀ ጆሮ ነጭ ወረቀት መስሎ፤ «የተበላሸው ማዳመጫው አይደለም።»

አፍሷት ወጣ። አንድ እግሩ ላይ የራሱ ነጠላ ጫማ፣ በሌላው የእኔ። እኔ ከኋላ። ሊቀ ጆሮ ባዶ ጆሮውን መንገድ ሲወጣ በዓይኔ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው፤ መኪናው፣ ጥሩምባው፣ የብረት በያጁ ጩኸት በአንድ ጊዜ ወረደበት። እየሮጠ ዞር ብሎ፣ «ይሄ ሁሉ ጩኸት ዱሮም ነበረ?» አለኝ።

«ነበረ! ሩጥ!»

ክሊኒኩ ውስጥ የጆሮ ሐኪሟ ገና «ምን ሆነች?» ከማለቷ ተቀበላት። «ዶክተር፣ ግራው ከቀኙ ጋር ሲነጻጸር በጣም ደካማ ነው። በሹክሹክታ ፈጽሞ የለም። ገመዱን አረጋግጫለሁ።»

«የምን ገመድ?» አለች ሐኪሟ።

«እሱን ተይው፣ ልጅቷን እይልኝ» አልኳት።

ሐኪሟ በመብራት አየች፤ ጠጋ ብላ እንደገና አየች። «ሌላ» የምትለዋ ቃል እዚህም ድረስ ተከትላኝ መጥታለች። ከዚያ ቀጭን መቆንጠጫ አንስታ፣ «እንዳትንቀሳቀሺ የኔ ቆንጆ» አለቻትና አንድ ነገር ስባ አወጣች፤ ነጭ ፋሻ ላይም አስቀመጠችው። የእንጉዳይ ግልገል የምትመስል፣ ግራጫ፣ ከጣት ጥፍር ያነሰች ነገር።

«ይሄ ምንድነው?»

ሊቀ ጆሮ ጎንበስ ብሎ አያት።

«የቀጭኗ ቆብ ናት» አለ፤ ድምፁ አይሰማም። «መካከለኛው መጠን።»

«ማነው የከተተው?» አለች ሐኪሟ።

«እኔ!» አለች ሚጡ ደረቷን ነፍታ። «እንደ አጎቴ!»

ሐኪሟ ጆሮዋ ጤነኛ እንደሆነ፣ ትንሽ እንደቀላና ለአምስት ቀን ጠብታ እንደሚያስፈልጋት ነገረችን። ከዚያ በግራዋ በኩል ዝቅ ብላ በሹክሹክታ፣ «ከረሜላ ልስጥሽ?» አለቻት።

«ሁለት» አለች ልጄ።

ኮሪደሩ ላይ ስወጣ ሊቀ ጆሮ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኗል። እውነቱን ልናገር፣ ቆቧን ካየሁ ጀምሮ ያጠራቀምኩት ስድብ ነበረኝ፤ በተርታ የተሰደረ፣ ስለ ምስማሮቹም የሚያነሳ። አፌን ከፈትኩ። የከለከለኝ አንድ ነገር ትዝ ማለቱ ነው። እናቷ እልኸኛ ብያታለሁ፤ አባቷ አጎቷን አይታ ነው ብሏል፤ መምህርቷ ለከርሞ ትቆይ ብለዋል። «ልጅቷ ምንም አላጠፋችም» ያለው እሱ ብቻ ነው። በእሷ ላይ ጥፋት ከሚያገኝ፣ እንደ ዓይኑ ብሌን የሚሳሳላቸውን አምስቱን ማዳመጫዎች አንድ በአንድ ሆዳቸውን ቀዷል።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። «ጫማዬን መልስልኝ» ብቻ አልኩት።

ወደ ቤት ሲመለስ ሚጡን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ በየአሥር እርምጃው አውርዶ በግራ ጆሮዋ አንድ ቃል ሹክ ይላታል፤ ስትመልስለት ደግሞ ያነሳታል። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ ያያል። ስለ ሌላ ቤት የተባለውን ከዚያ ወዲህ ያነሳ የለም። ከአምስቱ አራቱ ከሞት ተነሥተዋል፤ «ሚኒባሱ» ግን ሲገጠም እንቢ አለ። መምህርቷም ሰሞኑን እንደገና አስጠርተውኝ ነበር፤ «ልጅሽ ከኋላ ወንበር የሚንሾካሾኩትን ሁሉ ሰምታ ትነግረኛለች፤ ክፍሉ ተረበሸ» አሉኝ። እንደዚያ ቀን በደስታ ወቀሳ ተቀብዬ አላውቅም።

ስለ እሱ እየጻፍኩ መሆኔን ሲያውቅ ሊቀ ጆሮ ይከፋዋል ብዬ ነበር። አልከፋውም። አንድ ነገር ብቻ ጨምሪልኝ ብሎ ለመነኝ፤ ቃሉን ሳልቀንስ አስፍሬዋለሁ፦

«አንባቢ ሆይ፣ እባክህን ይህን አስቀምጥና ቤትህ ካለች ትንሽ ልጅ ኋላ ሂድ። አንድ ጊዜ በቀኝ፣ አንድ ጊዜ በግራ፣ ስሟን በሹክሹክታ ጥራት። ሁለቱንም ጊዜ ከዞረች ሳማት። ካልዞረች ግን አደራህን፣ ማዳመጫ አትፍታ።»